ከጥላ ጋር አትጣላ

አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዛ ሐበሻ ሁለት ዕዳ ይገባል፤ አንደኛው የባንኩ ነው፣ ሁለተኛው የሣሩ። ባንኩ ደግ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ይሰጣል። ሣሩ የሚሰጠው አንድ ሳምንት ነው። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ታጭደዋለህ፤ እሱም በየሳምንቱ ማን ነክቶኝ ብሎ ይጠብቅሃል። በልጅነታችን ሣር የሚያጭደው ከብት ያለው ሰው ነበር። እዚህ ከብት የሌለው ሁሉ ያጭዳል፤ ያጨደውንም በወረቀት ከረጢት ጠቅጥቆ ለቆሻሻ መኪና ያስረክባል። አንድ የገጠር ዘመዳችን ይህን በቪዲዮ አይተው «ከብቱ የት ሄዶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላቸውም።

ይህም ቢሆን ፀሐይ ያለው ሰው ችግር ነው። የእኔ ቢጤ ደግሞ አለ፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሁለት ግዙፍ የኦክ ዛፎች ሥር የሚኖር። ጥላ ያለው ቤት የሚሸጠው በሐምሌ ነው። ውጭው ይፋጃል፣ ግቢው ቀዝቀዝ ይላል፤ ደላላዋ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቅርንጫፉን ታሳያለች፣ ገዢም አንጋጦ ያያል። ኋይት ኦክ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት ዛፍ ስለሆነ ከአድናቆቱ ጋር ትንሽ አክብሮትም ይጨመርበታል። በሐምሌ ወደ ታች የሚያይ ገዢ የለም።

ከታች ያለው ባዶ መሬት ነው። ሣር፣ ጥላ ይችላል የሚባለው ቶል ፌስኪው እንኳ ሳይቀር፣ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከኦክ ሥር የሚደርሰው ብርሃን ደግሞ በቅጠል ተጣርቶ፣ ተቆራርጦ፣ ደክሞት ነው። የሚወርደውን ውሃ የዛፉ ሥር ቀድሞ ይጠጣዋል፤ ጥቅምት ሲያልፍ ቅጠሉ ረግፎ የተረፈውን ያፍነዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ ዘሩ ይዘራል፣ ለጊዜው ለምለም ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሰኔ ይሞታል። ዘር ሻጮቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ከረጢቱ ላይ «ለጥላ» ብለው የሚጽፉት ጥላ ሥር ይበቅላል ለማለት አይመስለኝም፤ ጥላ ሥር ለሚኖር ሰው ይሸጣል ለማለት ነው።

አማቴ የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ባለቤቴን ሊያርሷት ሲመጡ ይህን ባዶ መሬት አይተው ደስ አላቸው። ጣና ዳር ያደጉ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት ናቸው። «እሰይ፣ የሚጠረግ ግቢ አላችሁ» አሉ። በማግስቱ ማለዳ ነጠላቸውን አመሳቅለው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረጉት። በእኛ አገር ተጠርጎ የጠዳ ደጅ የባለሙያ ሴት ምስክር ነው። በዚህ ሰፈር ግን ባዶ መሬት ባለቤቱ የተወው ቤት ምልክት ነው፤ አንዲት ሴት በነጭ ልብስ መሬት ሲጠርጉ ያዩ ጎረቤቶቻችን ለሰሞኑ የተለየ ትሕትና አሳዩን።

መጥረጉ የሚያዛልቀው ዝናብ እስኪመጣ ነው። ግቢያችን ተዳፋት ነው። የሰኔ ነጎድጓድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተጠረገውን አፈር ጠራርጎ ወደ መንገድ፣ ከመንገዱ ወደ ስላይጎ ክሪክ፣ ከዚያ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ፣ ከአናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ በመጨረሻም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወስደዋል። ይህን ሁሉ በካርታ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ታገሡኝና «ግድ የለም ልጄ» አሉ፤ «አፈር ወደ ሰው አገር በመላክ እኛ የቆየ ልምድ አለን።»

የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን ግድ አለው። እኛ ማኅበር ሲባል የሚታየን ጠላና ዳቦ ያለበት፣ ጽዋ የሚዞርበት ነገር ነው። ይኼኛው ማኅበር የሚያዞረው ደብዳቤ ብቻ ነው። «ውድ ጎረቤት» ብሎ ይጀምራል፤ መካከል ላይ ደጃፋችን በተፈቀደ የሣር ዓይነት እንዲሸፈን ያሳስባል፤ መጨረሻ ላይ የቅጣቱን መጠን ጠቅሶ መልካም ቀን ይመኛል። ቅጣትና ምርቃት በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ያየሁት እዚያ ነው።

በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአጎራባቹ ሀዋርድ ካውንቲ፣ ኮሎምቢያ በምትባለው ከተማ፣ ግቢያቸውን ለወፍና ለንብ በሚመቹ አገር በቀል ተክሎች የሸፈኑ ባልና ሚስት ነበሩ። ማኅበራቸው ነቅላችሁ ሣር ዝሩ ቢላቸው አሻፈረን አሉ። ነገሩ ክስ ደርሶ በስምምነት አለቀ፤ የሜሪላንድ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ፣ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ውሃና ኬሚካል በሚቆጥብ አተካከል ላይ ያለ አግባብ ገደብ እንዳይጥሉ፣ ሰውንም የግድ ሣር ዝራ እንዳይሉ ይከለክላል። ሕጉን ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ትንሽ አሰቡ። «በወጣትነታችን መሬት ለአራሹ ብለን ተሰልፈናል» አሉ፤ «መሬት ላለማረስ የተሰለፈ ሰው ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

መብቱ ተገኘ፤ ምን ይተከልበት? ለጥላ የሚሆን፣ ዝቅ ብሎ የሚንሰራፋ፣ አንዴ ከተተከለ ዓመት ዓመት ተዘራ የማይል ተክል ብለህ ስትጠይቅ ሰፈሩ ሁሉ ባለሙያ ነው። አንዱ አይቪ ይልሃል። አይቪ እውነትም መሬቱን ይሸፍናል፤ ቀጥሎ ዛፉን ይወጣል፤ ቀጥሎ ቤቱን። ሌላው ፓኪሳንድራ ይላል፤ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆነ። ሦስተኛው ሊሪዮፒ በባልዲ ሞልቶ በነፃ ያመጣልሃል። የሊሪዮፒን ጠባይ ለማወቅ የሰጪውን ፊት ማየት ይበቃል፤ ሰው ችግኝ ሰጥቶ እንደዚያ የሚፈነድቀው ከግቢው ሊያስወጣው ዕድሜ ልኩን የታገለውን ነገር ሲሰጥ ነው።

ሁሉንም የረቱት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናቸው። አገር በቀል ተክል ያልሆነ ነገር በግቢያቸው አይደርስም። አንድ ትሪ ችግኝ ይዘው መጡና «ጫካ ውስጥ ከኦክ ሥር ምን እንደሚበቅል አይታችኋል?» አሉን። አላየንም። እኛ ሐበሾች ጫካ የምንሄደው ሥጋ ልንጠብስ ነው፤ ዓይናችን ከፍሙ አይነሣም።

ያመጡት የፔንሲልቬንያ ሴጅ የሚባለውን ነው፤ በሳይንሱ ካሬክስ ፔንሲልቫኒካ። በምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ ደረቅ የኦክ ጫካዎች ውስጥ ሰው ሳይተክለው፣ ሰው ሳያጠጣው የኖረ ነው። ሲያዩት ቀጭን ሣር ነው። ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያድግና ጫፉ ዘንበል ይላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ድርቅ ያለ ጥላ ይስማማዋል። አጋዘንም እምብዛም አይነካውም፤ ይህን የምትለው የእኛን ሰፈር አጋዘኖች ለሚያውቅ ሰው ከሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ብትጠቅሰው ይሻላል።

ዘሩ በቀላሉ ስለማይበቅል የሚተከለው ችግኙ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ። ከኦክ ሥር መትከል ጉልበት ሳይሆን ድርድር ይጠይቃል። ዶማ ካነሣህ የዛፉን ሥር ትመታለህ። አፈር ከላይ ልከምር ብትል ሥሩ የሚተነፍሰው ከላይኛው አፈር ነውና ዛፉን ታፍነዋለህ። ያለው መንገድ በትልልቆቹ ሥሮች መካከል የተገኘችውን አፈር በእጅ መፈልፈል ነው። እኔ ለዚህ የተሠራውን መሣሪያ ልገዛ ሄጄ ስመለስ አማቴ በባለቤቴ ጭልፋ ግማሹን ጨርሰውታል።

ጭልፋው እየሠራ ምርመራው ይቀጥላል።

«ይበላል?»

«አይበላም፣ እማማ።»

«መድኃኒት ነው?»

«አይደለም።»

«ሽታ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«መሬቱን ይሸፍናል።»

«መሬቱ ምን ሆነ፣ በረደው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ለሰው ተስፋ መስጠት ደግ ነው ብዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ባዶው ሁሉ ይሞላል አልኳቸው። ጭልፋውን አቁመው ቀና አሉ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» አሉ። «እኔ የተሰጠኝ ስድስት ወር ነው፤ አንተ የሦስት ዓመት ሣር ታስተክለኛለህ?» ነገሩን ካነሣነው ሰርዶ እዚህም ሞልቷል፤ ፀሐይ ባለው ግቢ ሳይጋበዝ ገብቶ ባለቤቱን ያስለቅሳል። ጥላ ግን አይችልም። አህያዋ የእኛ ግቢ ውስጥ ሆና ቢሆን ኖሮ እርግማኗ ሳትለፋ ይሰምርላት ነበር።

ካሬክስ የሚሰፋው ከመሬት በታች ነው፤ አሰፋፉም የእኛኑ የሲልቨር ስፕሪንግ አሰፋፈር ነው የሚመስለው። አንዱ ቀድሞ ይመጣና አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓመት ሳይሞላ የአክስቱ ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ የአክስቱ ልጅ አብሮ አደግ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብሎ ሶፋው ላይ ያርፋል። ሲመጣ ያየው ሰው የለም፤ አንድ ቀን ዞር ስትል እንጀራ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ይሸጣል። የእኛም ችግኞች መጀመሪያ እዚህም እዚያም ብቅ ያሉ፣ አንዱ ሌላውን የማያውቅ ይመስሉ ነበር። የመጀመሪያውን ወቅት በደንብ አጠጣናቸው፤ ከዚያ ወዲያ እኛንም እየረሱን መጡ። አንድ ጸደይ ላይ በመካከላቸው የነበረው አፈር የለም።

ደብዳቤው ግን አልረሳንም። አሁን ደግሞ ሣራችን ረዝሟል አለ። የማኅበሩ ሰው ሜትር ይዘው መጡ። የሞንጎምሪ ካውንቲ ደንብ የሚቆጣው ከ12 ኢንች ያለፈውን ነው፤ የእኛን ቢለኩት 8 ኢንች። ጫፉን ይዘው ወደ ላይ ሳብ አድርገው ደግመው ለኩት፤ 9 ሆነ። እንደ መጡ በትሕትና ተመለሱ፤ ሣሩም እንደ ነበረ ዘንበል አለ።

አማቴ ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ በሚያዝያ መጡ። ሚያዝያ ካሬክስ የሚያብብበት ጊዜ ነው፤ አበባ ቢባልም ለአበባነት የማይበቃ፣ ከቅጠሉ መካከል ቀጥ ብሎ የወጣ ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ ቡናማና ቢጫ ነገር የያዘ ነው። በረንዳው ላይ ቡናቸውን እየጠጡ እጃቸውን ሰድደው አንዷን ዘንግ ነቀሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሽከረከሯት። ቆመች። እንደገና አሽከረከሯት፤ እንደገና ቆመች። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከታች እስከ ላይ በጥፍራቸው ዳሰሷት።

«ይኼ ሣር አይደለም» አሉ።

«ምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«ሣር ድቡልቡል ነው፤ ጣት ውስጥ ይሽከረከራል። ይኼ ሦስት ጎን አለው። ሣር አንጓ አለው፤ ይኼ አንጓ የለውም። ቄጤማ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ይስታል?»

አልሳቱም። ቄጤማ ከሣር ወገን አይቆጠርም፤ ሳይፔሬሲ ከሚባለው፣ ከ5,000 በላይ ዝርያ ካለው ቤተሰብ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዚያው ቤት ልጅ ነው። ካሬክስ ለብቻው በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ወደ 2,000 የሚሆን ዝርያ ይዞ ተቀምጧል። ከኦክ ሥር የተከልነው እንግዳ የአማቴ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ «ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። ቄጤማ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ።

አሜሪካኖች ሣሩን ውጭ ያሳድጉና በር ይዘጉበታል፤ እኛ ወደ ቤት የምናስገባ ሕዝብ ነን። ቤት ያለ ጉዝጓዝ ቡና ሊያፈላ ይችላል፤ በዓል ግን አይሆንለትም። በስደት ይህን ችግር የፈታነው በፕላስቲክ ነው፤ በሜትር የሚሸጥ፣ የማይጠወልግ፣ ረከቦቱ ሥር የሚነጠፍ። አማቴ የእኛን መጀመሪያ ባዩት ጊዜ «ታጥቡታላችሁ ወይስ ታጠጡታላችሁ?» ብለው ነበር። አሁን ጠቅልለው ጓዳ ከተቱት። የሕፃኑ ክርስትና ሲደርስ፣ በአርባኛው ቀን ዋዜማ ማታ፣ ማጭድ ጠየቁ። ማጭድ የለንም። የዶሮ መቀስ ይዘው ወጡ።

«እማማ፣ ባለሙያዎቹ የሚታጨደው በክረምቱ መጨረሻ፣ አዲሱ ቅጠል ሳይወጣ ነው ይላሉ» አልኩ።

«ባለሙያዎቹ ክርስትና የላቸውም» አሉ።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ተጋብዘው መጡ። ለወፍና ለነፍሳት መጠለያ ይሁን ብለው የሰጡትን ተክል ሳሎን ወለል ላይ፣ ከጀበናው ግርጌ፣ ፈንዲሻ ተበትኖበት አገኙት። አቦሉን በዝምታ ጠጡ። ቶናው ላይ ጫማቸውን አወለቁ። በረካው ላይ መጽሐፍ የሚጽፉ ይመስል ለአማቴ ጥያቄ ይደረድሩ ጀመር፤ ባለቤቴ ስትተረጉም ውላ ደከማት። አማቴም ለሰጪዋ ክብር ብለው ጉድለቱን አልደበቁም፤ «ውሃ ያላየ ቄጤማ ነው፤ ቀጥኗል፣ ሽታ የለውም፤ ቢሆንም ከፕላስቲኩ ይሻላል» አሉ። ይህ በእሳቸው ሚዛን ትልቅ ነጥብ ነው፤ ተማሪዎቻቸው ያውቁታል።

ተክሉ ምን አለ ብትሉ፣ ምንም አላለም። ካሬክስ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ካስቀሩለት በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢታጨድ አይከፋውም። አማቴ በየሰንበቱ ቡና ሊያጭዱት ተነሥተው ነበር፤ በብዙ ሽማግሌ ታረቅን። ለክርስትና፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ከግቢው ይታጨዳል፤ የሰንበቱን ቡና ፕላስቲኩ ይሸፍናል። ስምምነቱን ያከበርኩት እኔ ነኝ።

ከክርስትናው በኋላ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ባለቤቴ ሳትከፍተው ገጽታዋ ተለወጠ። «ውድ ጎረቤት» ይላል፤ ሣራችንን በወቅቱ አሳጥረን ለሰፈሩ ውበት ስላደረግነው አስተዋጽኦ ያመሰግነናል። ተተርጉሞ ሲነበብላቸው አማቴ አልገረማቸውም። «ቡና ያላስታረቀው ሰው አለ?» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ አስቀመጡት።

በጥላ የተቸገሩ ሐበሾች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው አጭር ነው። ከጥላ ጋር አትጣሉ፤ ጥላው ከእናንተ በፊት ነበረ፣ ዕድሜውም ከብድራችሁ ይረዝማል። ፀሐይ የሚወድ ሣር ከረጢት ለከረጢት እየዘራችሁ ከምትቀብሩ፣ እዚያው ጥላ ሥር ኖሮ የለመደውን ጠይቃችሁ አምጡ። የሚሰጣችሁ ሰው ፊት ላይ የተለየ ደስታ ካያችሁ ደግሞ ተመለሱ።

ችግኝ የሚፈልግ ካለ አካፋ ይዞ ይምጣ። አንዱን ጉጥ ከነሥሩ ፈንቅሎ ለሁለት ለሦስት መክፈል ነው፤ ቢቻል በጸደይ፣ ካልሆነም ሙቀቱ በረድ ሲል። ከክርስትናው እንግዶች ብዙዎቹ በላስቲክ ቋጥረው ወስደዋል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባሕር ማዶው አሌክሳንድሪያ ድረስ ተዳርሷል፤ ፖቶማክን ባሕር ካላችሁት ነው እንግዲህ። በጳጉሜ መጨረሻ በእነዚህ ሰፈሮች ስታልፉ ከኦክ ሥር ያለው ሣር በመቀስ የተከረከመ፣ ዳር ዳሩ ወጣ ገባ የሆነ ግቢ ካያችሁ ሳትፈሩ አንኳኩ። ጀበናው ተጥዷል።